ዋናው ቤት የደረሰው ኢንተርኔት ሰርቪሱ ጋ ለምን ይጠፋል?

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በዳንግላ፣ የከተማ ግቢ አሠራር ብዙ አይለያይም። በመንገዱ በኩል ዋናው ቤት ይቆማል፤ ከጀርባው፣ ጌሾውንና ማንጎውን ወይም አቮካዶውን አልፎ፣ ሰርቪስ የምንለው ረድፍ ቤት ይገኛል። ሰርቪስ ቤት ለረዥም ዘመን ማዕድ ቤት፣ የእህል ማስቀመጫና የተማሪ ኪራይ ቦታ ሆኖ ኖሯል። አሁን ግን በማውቃቸው በርካታ ግቢዎች ውስጥ ከክፍሎቹ አንዱ ቢሮ ሆኗል፤ በትርጉም፣ በሒሳብ ሥራ፣ በሶፍትዌር ወይም በኦንላይን ማስጠናት የሚተዳደሩ ሰዎች ከልጆች ጫጫታና ከእንግዳ ግባ ውጣ ርቀው ይሠሩበታል፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ጽሑፋቸውን ያዘጋጁበታል። ጸጥታው በቀላሉ ይገኛል። ኢንተርኔቱ ግን ጓሮውን ተሻግሮ አብሮ አይመጣም።

የጓሮ ቢሮ ያላቸው ሰዎች ቅሬታ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። በዋናው ቤት ሳሎን ተቀምጠው ሲሠሩ ሁሉም ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩን ይዘው ጓሮውን ሲሻገሩ የዋይፋይ ምልክቱ ወደ አንድ መስመር ይወርዳል፣ በስብሰባ መካከል ድምፅ ይቆራረጣል፣ ምስል ይደርቃል፣ መጫን የጀመረ ፋይል ከመንገድ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚወሰደው እርምጃም ተመሳሳይ ነው። አንዱ የኢንተርኔት ጥቅሉን ፍጥነት ያሳድጋል፣ ሌላው አንቴናው የበዛ ራውተር ይገዛል፣ ሌላው ደግሞ ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋይፋይ ማራዘሚያ ያመጣል። በሁሉም መንገድ ገንዘብ ይወጣል፤ ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቆያል። እንደ እኔ እምነት ይህ የሚሆነው በሽታው ሌላ ቦታ ስላለ ነው። ችግሩ ያለው በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው መንገድ ላይ ሲሆን፣ መፍትሔውም ያንን መንገድ ከአየር ወደ ገመድ ማዛወርና ሰርቪሱን የራሱ ዋይፋይ እንደሚያስፈልገው ሁለተኛ ቤት መቁጠር ነው።

ጉዳዩ በጎጃም ከምቾት ያለፈ ክብደት አለው። በሌላ አካባቢ የቤቱ ዋይፋይ ሲደክም ሰው የስልኩን ዳታ ከፍቶ ሥራውን ይቀጥላል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ በቆየበት ወቅት ይህ መውጫ አልነበረም፤ መደበኛው መስመር በሚሠራባቸው ከተሞች ሥራውም፣ ትምህርቱም፣ ከሩቅ ዘመድ ጋር የሚደረገው ንግግርም በዚያ አንድ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ያንን ጊዜ ያየ ሰው ቤቱ የገባውን መስመር እንደ ቀላል ነገር አያየውም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ርቀት ላይ በሚሆነው ነገር ተጠቃሚው ምንም ማድረግ አይችልም። ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪሱ ያለው 30 ሜትር ግን ሙሉ በሙሉ የግቢው ባለቤት ነው፤ እዚያ ላይ የሚባክነውን ምልክት ሌላ ማንም መጥቶ አያስተካክለውም።

ምልክቱ ጓሮውን ሲሻገር

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ራውተሮች በአብዛኛው በሁለት ድግግሞሽ ይሠራሉ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሄደው ሞገድ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሄደው ከዚያ ግማሽ በታች ነው። የመጀመሪያው ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ሁለተኛው ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል። በሁለቱም ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በ2.4 ጊጋኸርዝ 100 ሚሊ ዋት የሚልክ ራውተር ምንም ከለላ በሌለበት ሜዳ 30 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ኮምፒውተር የሚያደርሰው ከላከው ኃይል ከአሥር ሚሊዮን አንዱን እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህ ጥቂት ቢመስልም ለኮምፒውተሩ ከበቂ በላይ ነው፤ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ምልክቱ በሚበረታበት መለኪያ -50 ዲቢኤም ገደማ ይሆናል፣ ለምስል ስብሰባ የሚመከረው ደግሞ -67 ወይም ከዚያ የተሻለ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ 17 ዴሲቤል ያህል ትርፍ አለን ማለት ነው። ጥያቄው ያ ትርፍ በምን ያልቃል የሚለው ነው።

በግድግዳ ያልቃል። 10 ዴሲቤል መቀነስ ማለት ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ ማለት ነው፤ አንድ የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ፣ እንደ ውፍረቱና እንደ ልስኑ ቢለያይም፣ ይህን ያህል ሊወስድ ይችላል። የዋናው ቤት የኋላ ግድግዳና የሰርቪሱ የፊት ግድግዳ ሁለቱ ብቻ ትርፉን ጨርሰው ምልክቱን ዕዳ ውስጥ ይከቱታል። በዋናው ቤት ውስጥ ያሉት የክፍል ግድግዳዎች፣ የብረት በሩ፣ ራውተሩ ፊት ለፊት የቆመው ቁም ሣጥን ገና አልተቆጠሩም። ግድግዳው ወይም በሩ ቆርቆሮ ከሆነ ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ ብረት ሞገዱን ስለሚመልሰው ወደ ክፍሉ የሚገባው በመስኮትና በስንጥቅ የሚያልፈው ብቻ ነው። በቆርቆሮ በተሠራ ሰርቪስ ውስጥ በሩ ሲከፈት ዋይፋዩ ተሻሽሎ ሲዘጋ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ከግድግዳ ቀጥሎ የሚመጣው ውኃ ነው። የዋይፋይን ሞገድ ውኃ በደንብ ይውጠዋል፤ ስለዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል የቆመ ውኃ የሞላ ሮቶ፣ ክረምት ያረሰረሰው የጭቃ ግድግዳ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ማንጎ እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። በአዊ በኩል በግቢ ዙሪያ የሚተከለው ዲከረንስም ሆነ በየቦታው ያለው ባሕር ዛፍ፣ ቅጠሉ ዝናብ ሲይዝ ከደረቀበት ጊዜ የበለጠ ይከልላል። ብዙ ሰው ዝናብ ኔትወርክ ያጠፋል ይላል። በ30 ሜትር ርቀት ላይ የሚወርደው ዝናብ ራሱ በዋይፋይ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከቁጥር አይገባም፤ የሚጎዳው ዝናቡ ካለፈ በኋላ በቅጠልና በግድግዳ ላይ የሚቀረው እርጥበት፣ ከዚያም በላይ ከዝናቡ ጋር የሚመጣው የመብራት መቆራረጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አንድ ስሕተት አለ፤ ጉልበተኛ ራውተር መግዛት። ሁለት ሰዎች ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ሲጣሩ አንዱ ድምፁ ነጎድጓድ ቢሆን እንኳ የሌላው ምላሽ ካልተሰማው ንግግር የለም። ዋይፋይም እንደዚያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ለደረሰው ለእያንዳንዱ መልእክት ደርሶኛል ብሎ መመለስ አለበት፣ የስልክና የላፕቶፕ የሬዲዮ ጉልበት ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት ጉልበተኛ ራውተር የተገዛለት የጓሮ ቢሮ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ገጹ ግን አይከፈትም። ባለቤቱም ምልክቱን አይቶ ጥፋቱ የቴሌ መስመር ነው ብሎ ይደመድማል።

ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት

ምንም ነገር ከመግዛት በፊት ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ምርመራ ማድረግ ይገባል። ኮምፒውተሩን በአጭር የኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት፣ ቀጥሎ ገመዱን ነቅሎ ራውተሩ ባለበት ክፍል በዋይፋይ መለካት፣ በመጨረሻም ሰርቪሱ ውስጥ፣ ጠረጴዛው በሚቀመጥበት ቦታ፣ በሩ እንደ ሥራ ሰዓት ተዘግቶ መለካት ነው። በገመድ ሲለካም ደካማ ከሆነ ችግሩ የመጣው ከውጭ መስመር ነው፤ ግቢው ውስጥ የሚደረግ ምንም ነገር አያሻሽለውም። በገመድ ጥሩ ሆኖ ሰርቪሱ ውስጥ ከወደቀ ግን የጥቅሉን ፍጥነት ማሳደግ ጠባብ በር ላይ ብዙ ሰው እንደማሰለፍ ነው። አንድ የምስል ስብሰባ እንደ ጥራቱ በሰከንድ ከ1 እስከ 4 ሜጋ ቢት ያህል ይበቃዋል፤ ስለዚህ ለአብዛኛው የቢሮ ሥራ ከፍጥነቱ ይልቅ አለመቆራረጡ ይበልጣል።

አለመቆራረጡን ለማወቅ ደግሞ ፒንግ የሚባለው፣ ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት ልኮ ምላሹ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካው ትእዛዝ ከፍጥነት መለኪያ ይሻላል። ከሰርቪሱ ሆኖ በአንድ መስኮት ወደ ራውተሩ አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወደሚሆነው፣ በሌላው መስኮት ደግሞ ወደ ውጭ ወደ አንድ የታወቀ አድራሻ፣ ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል መላክ ነው። ወደ ራውተሩ የሚላከው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ የማይዛነፍ ምላሽ እየሰጠ የውጭው ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ጓሮው ንጹሕ ነው። የራውተሩ ምላሽ ራሱ አንዴ 3፣ አንዴ 400 ሚሊ ሰከንድ እየሆነ የሚዘልል፣ ወይም መልስ የሚያጣ ከሆነ ግን ጥፋቱ በእነዚያ 30 ሜትሮች ላይ መሆኑ አያጠራጥርም። ይህን ያደረገ ሰው ለቴሌ ቴክኒሻን የሚያቀርበው አቤቱታም ሚዛን ይኖረዋል።

ከምርመራው ቀጥሎ ያለው እርምጃ ወጪው ትንሽ ነው፤ ራውተሩን ማንቀሳቀስ። መስመሩ በመንገድ በኩል ስለሚገባ ራውተሩ ብዙ ጊዜ የሚተከለው በሳሎኑ የፊት ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው፤ ያም ማለት ከሰርቪሱ በጣም የራቀው የቤቱ ክፍል ማለት ነው። ወደ ኋላ መኝታ ቤት፣ ጓሮውን ወደሚያየው መስኮት፣ ከወለሉ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ማዛወር አንድ ሁለት ግድግዳ ይቀንሳል። ወደ ቤት የገባው ገመድ ፋይበር ከሆነ ግን ተጠቃሚው ራሱ መጎተትና ማጠፍ የለበትም፤ መስታወት ስለሆነ በጠባብ ሲታጠፍ ብርሃኑ ይፈሳል ወይም ይሰበራል። የፋይበሩን ሳጥን ባለበት ትቶ ራውተሩን ብቻ በኔትወርክ ገመድ ወደ ኋላ መውሰድ የተሻለ ነው። ለአንዳንድ ግቢ፣ በተለይ ሰርቪሱ ቅርብና መስኮቱ ሰፊ ከሆነ፣ ይህ ብቻ ይበቃል።

ስለ ማራዘሚያ ጥቂት ማለት ይበቃል። ርካሹ ማራዘሚያ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው ሬዲዮ ስለሚያስተላልፍ የፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይበላል፤ ደግሞም መቀመጥ ያለበት ምልክቱ ገና ጥሩ በሆነበት በመንገዱ አጋማሽ ነው፣ የእኛ የመንገድ አጋማሽ ደግሞ ሶኬት የሌለበት ጌሾ ሥር ነው። ሰርቪሱ ውስጥ የተሰካ ማራዘሚያ የሚያራዝመው የደከመውን ምልክት ነው። ሜሽ በሚል ስም የሚሸጡት ጥንድ መሣሪያዎች የተሻሉ ቢሆኑም፣ እርስ በርስ በአየር እስከተገናኙ ድረስ ያንኑ ግድግዳና ያንኑ ማንጎ መሻገር አለባቸው። በመብራት ገመድ ላይ ኢንተርኔት የሚያስተላልፉ መሣሪያዎችም አሉ፤ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቆጣሪ ሥር ከሆኑ ሊሠሩ ይችላሉ፣ ሆኖም የቤት ውስጥ ዝርጋታ ጥራት ብዙ ስለሚወስናቸው ሳይሞከሩ ባይገዙ እመርጣለሁ።

ገመዱን መቅበር

አስተማማኝ የምለው መንገድ ገመድ ነው። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ገመድ በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ በከተማ ከሚገኙት ግቢዎቻችን አብዛኞቹ በዚህ ርቀት ውስጥ ናቸው። ገመድ ግድግዳ አያግደውም፣ ቅጠል አይከልለውም፣ የጎረቤት ዋይፋይም አይረብሸውም። ሲገዛ ግን ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛው ውስጡ ንጹሕ መዳብ መሆኑ ነው፤ ገበያ ላይ ርካሽ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ገመድ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የሽቦውን ጫፍ በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ብረት ከወጣ አሉሚኒየም ነው፤ ቶሎ ይሰበራል፣ በላዩ ኤሌክትሪክ ሲላክም ኃይል ያባክናል። ሁለተኛው ሽፋኑ ነው፤ የቤት ውስጥ ገመድ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ለውጭ ተብሎ የተሠራው ጥቁሩ ሽፋን ያስፈልጋል።

በእኛ ግቢ የመጀመሪያውን ገመድ የቀበርኩት ያለ ቱቦ፣ አንድ ጋት በማትሞላ ጥልቀት ነበር። አባቴ ጌሾውን ሲኮተኩቱ በዶማው ቆረጡት፤ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር። ቱቦ የሚያስፈልገው ለዶማ ብቻ ግን አይደለም። የደጋውን የጎጃም መሬት የሚያውቅ ሰው ፍልፈልንም ያውቃል፤ ፍልፈል ሥር ፈልጎ ሲቆፍር ያገኘውን የሚቆርጥ እንስሳ ነው፣ ራቁቱን የተቀበረ ገመድም ከሥር የሚለይበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ገመዱን በፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ቦይ መቅበር፣ ወደ ሰርቪሱ ከሚሄደው የመብራት ገመድ ጋርም በአንድ ቱቦ አለማስገባት ያስፈልጋል፤ 220 ቮልት የሚሸከመው ሽቦ ሽፋኑ ቢላጥ አደጋው ለመሣሪያው ብቻ ሳይሆን ለሰውም ነው። ገመዱ ወደ ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ እንደገና ወደ ላይ እንዲወጣ ቢደረግ ውኃው ከጎባጣው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ ወደ ቤት አይገባም።

የመዳብ ገመድ አንድ እውነተኛ ድክመት አለው፤ መብረቅ። በክረምት ከሰዓት በኋላ በጎጃም የሚወርደው መብረቅ ቤቱን ባይመታ እንኳ በአቅራቢያ ሲወርድ በረዥም የመዳብ ሽቦ ላይ ድንገተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ሁለት ቤት የሚያገናኝ ሽቦ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ መሣሪያ ስላለው ጉዳቱ በአንድ ጊዜ ራውተሩንም ኮምፒውተሩንም ሊደርስ ይችላል። የሁለቱ ቤቶች የመሬት ሽቦ የተለያየ ሲሆን ወይም ከእነጭራሹ በማይኖርበት ጊዜ አደጋው ይጨምራል። ደመናው ሲጠቁር ገመዱን መንቀል ይረዳል፣ ሰው ቤት ካለ። ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፈው ፋይበር ነው። በሁለቱም ጫፍ ብርሃንን ወደ ኔትወርክ ገመድ የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን ይቀመጣል፤ በመካከሉ ያለው መስታወት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ መብረቅ የሚከተለው መንገድ አያገኝም። አንዳንድ የፋይበር ገመድ ለጥንካሬ ሲባል ውስጡ የብረት ሽቦ ስለሚጨመርበት ግን ብረት የሌለበትን መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በአንድ በኩል የሸሹት መብረቅ በሌላ በኩል ይገባል። ጫፉ ተሠርቶ የተዘጋጀ ፋይበር መግዛት ከተቻለ ብየዳም አያስፈልግም። እንደ ጮቄ ሥር ባሉት ከፍተኛ ቦታዎች ቢሮ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያውኑ ፋይበር እለዋለሁ።

መቆፈር የማይቻልበት ቦታ አለ። ግቢው ሲሚንቶ የተነጠፈ ከሆነ፣ ቤቱ የኪራይ ሆኖ አከራዩ ካልፈቀደ፣ ወይም ቢሮው ከመንገድ ማዶ ከሆነ፣ ሁለት የውጭ አንቴናዎችን ፊት ለፊት አድርጎ ማገናኘት ይቻላል። እነዚህ መሣሪያዎች ሞገዱን እንደ ባትሪ መብራት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሰበስቡት ከመቶ ሜትር እስከ ኪሎ ሜትሮች ይደርሳሉ። አንዱ በዋናው ቤት የጣሪያ ጠርዝ፣ ሌላው በሰርቪሱ ጠርዝ ላይ ተሰቅሎ እርስ በርስ መተያየት አለባቸው፤ መተያየት ማለት ዛሬ ብቻ ሳይሆን ማንጎው በሚቀጥለው ዓመት ቅርንጫፍ ሲያወጣም ጭምር ነው። በአጭር ርቀት ላይ የሚላከውን ጉልበት መቀነስ እንደሚያስፈልግ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ጆሮ ላይ የሚጮህ ሰው እንደማይሰማ ሁሉ በጣም የቀረበና የበረታ ምልክትም ተቀባዩን ያደነቁረዋል።

ሁለተኛው ዋይፋይ

ገመዱ ሰርቪሱ ከደረሰ በኋላ ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በገመድ የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ፣ ይቀመጣል። ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት የግድ አይደለም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ራውተር ይበቃል። አሮጌው ራውተር ውስጥ ገብቶ አድራሻ የማደል ሥራውን፣ ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ ማጥፋት፤ የራሱን አድራሻ ከዋናው ራውተር የተለየ፣ ለምሳሌ 192.168.1.2 ማድረግ፤ ገመዱንም ለውጭ መስመር በተለየው ቀዳዳ ሳይሆን ከሌሎቹ በአንዱ መሰካት ነው። ዲኤችሲፒውን ማጥፋት የተረሳ እንደሆነ ሁለት ራውተሮች አድራሻ ያድላሉ፣ አንዱ መሣሪያ ሲገናኝ ሌላው ይቋረጣል፣ ቤተሰቡም ገመዱ ነው ያበላሸው ይላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ስለሆኑ ዋናው ቤት 1 ላይ ከሆነ ሰርቪሱን 11 ላይ ማድረግ ይሻላል። ስሙንና የይለፍ ቃሉን አንድ ማድረግ ስልኩ ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ በራሱ እንዲሻገር ይረዳል፤ እኔ ግን ለመጀመሪያው ወር ስሙን ለይቶ ማቆየትን እመርጣለሁ፣ ችግር ሲፈጠር በየትኛው ላይ እንዳሉ ወዲያው ስለሚታወቅ።

መብራት ሲጠፋ

አስተማማኝነት ከተባለ ከገመዱ እኩል የሚቆጠረው መብራት ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ፤ ባለቤቱ ለሰርቪሱ ቢሮ ባትሪና ኢንቨርተር ገዝቷል፣ ላፕቶፑ ይሠራል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፤ ምክንያቱም ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን ያሉት በዋናው ቤት ነው፣ እነሱን የሚደግፍ ባትሪ የለም። ፋይበር ከቴሌ ጣቢያ እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መሣሪያ ስለሌለው ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞም መስመሩ ሊሠራ ይችላል። በአሮጌው የመዳብ መስመር የሚጠቀም ግን በመንገድ ዳር ያለው ካቢኔ ራሱ መብራት ስለሚፈልግ፣ የካቢኔው ባትሪ ካለቀ ቤቱ ያለው ባትሪ አይጠቅመውም። ባትሪ ከመግዛት በፊት የራስን መስመር ዓይነት ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስሌቱ አያስቸግርም። የፋይበሩ ሳጥን 10 ዋት፣ ራውተሩ 10፣ የሰርቪሱ አክሰስ ፖይንት 5 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 25 ዋት ነው። ባለ 12 ቮልት 18 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ 216 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 108 ዋት ሰዓት ነው፣ ለአራት ሰዓት ያህል ይበቃል። በተለመደው የኮምፒውተር ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግን በዚሁ አሠራር ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ የ12 ቮልቱን ወደ 220 ለውጦ እንደገና ወደ 12 ማውረዱ ራሱ ኃይል ይበላል። የሳጥኑና የራውተሩ ጀርባ ላይ 12 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ፣ ለራውተር ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ይህን ብክነት ያስቀራሉ። አክሰስ ፖይንቱ ፒኦኢ የሚባለውን፣ በኔትወርክ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ፣ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ መብራቱ በዚያው በተቀበረው የመዳብ ገመድ ስለሚሄድ በዋናው ቤት የተቀመጠ አንድ ባትሪ ሁለቱንም ቤት ይዞ ያድራል። ፋይበርን ከመዳብ ሳወዳድር የሚያመነታኝ ብቸኛው ነገር ይህ ነው፤ መስታወት መብረቅን እንደማያሳልፍ ሁሉ መብራትንም አያሳልፍም። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ የሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆነ በሁለቱም ቤት መከላከያ ያስፈልጋል።

በአንድ መስመር የሚጠቀሙት የአንድ ቤት ሰዎች ብቻ ላይሆኑ ይችላሉ። ሰርቪስ ብዙ ጊዜ ተከራይ አለበት፤ ተከራዩ ወጪ ተጋርቶ የአከራዩን መስመር ይጠቀማል፣ ወይም ተገላቢጦሹ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ለተከራይና ለእንግዳ የተለየ ስምና የይለፍ ቃል መስጠት፣ ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነም ለእያንዳንዱ የፍጥነት ጣሪያ ማበጀት ከማታ ማታ ቅያሜ ያድናል። ገመዱን የሚቀብረው ተከራዩ ከሆነ ሲለቅ ገመዱ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ቦዩ የሚቆፈረው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ መሬቱ ግን ገና ሳይጠነክር፣ በጥቅምትና በኅዳር ቢሆን ይመረጣል። መሬቱ መረሬ ከሆነ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ተወጥሮ የተቀበረ ገመድ ከመሬቱ ጋር ይጎተታል፣ ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ አንድ ሁለት ሜትር ትርፍ ተጠቅልሎ መቀመጥ አለበት። ቱቦው ከሚያስፈልገው በአንድ ደረጃ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ከመዘጋቱም በፊት ጠንካራ ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ በውስጡ ይቅር፣ ዛሬ መዳብ ያስገባ ሰው ነገ ፋይበር ሲጨምር ጌሾውን እንደገና ሳይነቅል ገመዱን በሲባጎው እየሳበ ያሳልፈዋል።